ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በቤት ኮምፒዩተር ሲቀናበር የሚያጋጥም መጓተት፦ መንስኤውና መፍትሔው

ቀደም ባሉት ዓመታት በአብዛኛው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ለፊልም ስቱዲዮዎች ተወስኖ የቆየው የቪዲዮ ቅንብር ወይም ኤዲቲንግ ሥራ፣ በአሁኑ ወቅት በመኖሪያ ቤት ኮምፒዩተርም የሚከናወን ተግባር ሆኗል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች የሥራ ክንውን ዘገባዎችን፣ አሠልጣኞች የማስተማሪያ ምስሎችን፣ ቤተሰቦች ደግሞ የሠርግና የምረቃ ቀረጻዎችን በዚሁ መንገድ ያዘጋጃሉ።

ይሁንና ከፍተኛ ጥራት ያለውን ምስል ለማቀናበር ሲሞከር ኮምፒዩተሩ የሚጓተትበት፣ ምስሉ የሚቆራረጥበት፣ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ጨርሶ የሚቆምበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በዚህን ጊዜ ብዙዎች ኮምፒዩተሩ አርጅቷል ብለው ይደመድሙና ተጨማሪ ሜሞሪ ወይም አዲስ ግራፊክስ ካርድ ይገዛሉ። ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛው ዕቃ ከተገጠመ በኋላም ምስሉ እንደ ቀድሞው ሲቆራረጥ ይገኛል። ምክንያቱም የመጓተቱ ምንጭ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው።

በመሆኑም ይህ ጽሑፍ የመጓተቱን ምንጭ ከግዢ በፊት ለይቶ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎችን፣ እንዲሁም ግዢ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ሊከተሉት የሚገባውን ቅደም ተከተል ያስረዳል።

የችግሩ መነሻ

በፓል ሥርዓት የሚሠራው መደበኛ የቴሌቪዥን ምስል በወርድ 720፣ በቁመት 576 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች የተዋቀረ ሲሆን፣ በድምሩ 414 ሺህ 720 ፒክስል ይይዛል። ፉል ኤችዲ በመባል የሚታወቀው ምስል በአንጻሩ 1920 በ1080 በመሆኑ 2 ሚሊዮን 73 ሺህ 600 ፒክስል አለው። ይህም የመደበኛው ምስል አምስት እጥፍ ማለት ነው። በአሁኑ ወቅት በበርካታ ስልኮች የሚቀረጸው 3840 በ2160 ወይም 4ኬ ምስል ደግሞ የፉል ኤችዲውን አራት እጥፍ ይይዛል።

አንድ ሰከንድ ቪዲዮ 25 ነጠላ ምስሎች ወይም ፍሬሞች አሉት ተብሎ ቢታሰብና እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ቢወስድ፣ የፉል ኤችዲ ቪዲዮ ሳይታመቅ በሰከንድ 155 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል። የአንድ ሰዓት ቀረጻም 560 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ይህን የሚሸከም የማስታወሻ ካርድ በየኪሱ መያዝ ስለማይቻል ካሜራዎችና ስልኮች ምስሉን አምቀው ያስቀምጡታል። ለዚህ አገልግሎት በስፋት የሚሠራባቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች.264 እና እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ተተኪው ኤች.265 የተባሉት የማመቂያ ደረጃዎች ናቸው። በሰከንድ 16 ሜጋ ቢት፣ ማለትም 2 ሜጋ ባይት እየወሰደ በኤች.264 የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 7.2 ጊጋ ባይት ብቻ ይሆናል። ይህም ካልታመቀው ጋር ሲነጻጸር ከ70 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው።

ቅነሳው ሊገኝ የቻለው እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሆኖ ስለማይቀመጥ ነው። በመጀመሪያ አንድ ሙሉ ፍሬም ይቀመጥና ከእርሱ ቀጥለው ለሚመጡት ፍሬሞች የተለወጠው ነገር ብቻ ይመዘገባል። ለአብነት ያህል እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነው ኤችዲቪ በተባለው የካሜራ ቅርጸት፣ በሰከንድ በ25 ፍሬም ለሚሠራው የ1080 ምስል 12 ፍሬሞች በአንድ ቡድን ይታቀፋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሙሉ ምስል የሚሆኑት በዙሪያቸው ካሉት ጋር እየተሰሉ ነው።

ቪዲዮው በተራ ማጫወቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታይ ስሌቱ በቅደም ተከተል ስለሚከናወን ኮምፒዩተሩ ብዙም አይቸገርም። በቅንብር ጊዜ ግን ተጠቃሚው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ሁለትና ሦስት ምስሎችን ደራርቦ ያሳያል፣ የቀለም ማስተካከያና ጽሑፍ ይጨምራል። አንድን የቡድኑን የመጨረሻ ፍሬም ለማሳየት ከፊቱ ያሉትን መፍታት የግድ ይሆናል። በተራ ማጫወቻ ያለ እንከን የሚታይ ፋይል በቅንብር ፕሮግራም ውስጥ የሚቆራረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የፋይሉ ማነስ ለሥራው መቅለል ምልክት አለመሆኑን ነው። ማመቅ ሸክሙን ከሃርድ ዲስኩ አንስቶ በፕሮሰሰሩ ላይ ይጭነዋል እንጂ አያጠፋውም። የምርመራው ዋና ዓላማም ሸክሙ በየትኛው ክፍል ላይ እንዳረፈ ማወቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የምልክቱን ዓይነት መለየት

መጓተት በሚል አንድ ቃል የሚገለጹት ምልክቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በቅንብር ወቅት ምስሉ የሚቆራረጥበት ነው። ሁለተኛው ቅንብሩ በአግባቡ እየተከናወነ የተጠናቀቀውን ሥራ አንድ ፋይል አድርጎ ማውጣት ወይም ኤክስፖርት ማድረግ ረጅም ሰዓት የሚወስድበት ነው። ሦስተኛው ኮምፒዩተሩ በሙሉ፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ሳይቀር፣ የሚዘገይበት ሁኔታ ነው።

ኤክስፖርት በባሕርዩ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ተፈትቶ፣ ማስተካከያው ተሰልቶ እንደገና ስለሚታመቅ ኮምፒዩተሩ በሙሉ አቅሙ መሥራቱ የብልሽት ምልክት አይደለም። ኮምፒዩተሩ በሙሉ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ የሜሞሪ ወይም የዲስክ መጣበብ፣ አልፎ አልፎም ቫይረስ በመሆኑ ከቪዲዮው በፊት ይኸው ሊስተካከል ይገባል።

አራት ቀላል ፈተናዎች

የመጀመሪያው ፈተና ምስሉ በሚቆራረጥበት ጊዜ የእያንዳንዱን የኮምፒዩተር ክፍል ሥራ መመልከት ነው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የተባሉት ሦስት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የተሰኘው መቆጣጠሪያ ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩ፣ በዊንዶውስ 10 እና 11 ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ጭምር በመቶኛ ምን ያህል ሥራ እንደበዛባቸው ይታያል። በአፕል ኮምፒዩተሮች አክቲቪቲ ሞኒተር የተባለው ፕሮግራም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ሁለተኛው ፈተና አንድን ቀረጻ ያለ ምንም ማስተካከያ፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ድራቢ ምስል ብቻውን በአዲስ ፕሮጀክት ማጫወት ነው። ብቻውን ሲሆን የማይቆራረጥ ከሆነ ችግሩ ከተጨመሩት ማስተካከያዎች የመጣ ነው። ብቻውንም የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ምንጩ ፋይሉ ወይም የተቀመጠበት ዲስክ ይሆናል።

ሦስተኛው ፈተና ያንኑ ቀረጻ ከተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ፣ ከፍላሽ ወይም ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒዩተሩ የውስጥ ዲስክ ገልብጦ መሞከር ነው። በዚህ ከተስተካከለ ጥፋቱ የማስቀመጫው ወይም የማገናኛ ገመዱ ነው።

አራተኛው ፈተና የማሳያውን ጥራት ለጊዜው ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሩብ ዝቅ ማድረግ ነው። በአዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ ይህ ምርጫ በማሳያው መስኮት ሥር ይገኛል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ኬደንላይቭና ሻትከት የተባሉት ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ምርጫ አላቸው። ጥራቱ ዝቅ የሚለው በማሳያው ላይ ብቻ እንጂ በመጨረሻው ፋይል ላይ ስላልሆነ ሊያሠጋ አይገባም።

የፈተናው ውጤት ሲተረጎም

ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ ሥራ ላይ ሆኖ ዲስኩና ሜሞሪው ክፍት ከሆኑ፣ ችግሩ የታመቀውን ምስል የመፍታት ሥራ ነው። በዚህ ሁኔታ ሜሞሪ መጨመር ለውጥ አያመጣም። ትክክለኛው መፍትሔ ከዚህ በታች የሚብራራው ወኪል ፋይል ነው።

ሜሞሪው ሞልቶ ዲስኩም ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ በሜሞሪ ምትክ ዲስኩን እየተጠቀመ መሆኑን ያመለክታል። ለቀለም ማስተካከያ በከፍተኛ ትክክለኛነት በሚሰላበት ጊዜ አንድ የፉል ኤችዲ ፍሬም ብቻ 33 ሜጋ ባይት ያህል ሜሞሪ ሊወስድ እንደሚችል ልብ ይሏል። አዶቤ ለፕሪሚየር ፕሮ ዝቅተኛው 8 ጊጋ ባይት፣ ለከፍተኛ ጥራት ሥራ ደግሞ 16 ጊጋ ባይት ሜሞሪ እንዲኖር ይመክራል። ከግዢ በፊት ግን የኢንተርኔት ማሰሻውንና ሌሎች የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ዘግቶ መሞከር ተገቢ ነው።

ዲስኩ 100 በመቶ ሥራ ላይ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ዝቅተኛ ከሆነ፣ መረጃው በበቂ ፍጥነት አይደርስም ማለት ነው። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል ቢባልም በተግባር የሚገኘው ከ30 እስከ 40 ሜጋ ባይት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ከዚህ እጅግ የፈጠነ ሲሆን፣ አዲሱ ተንቀሳቃሽ ዲስክ በአሮጌው መሰኪያ ላይ ከተሰካ ግን የሚሠራው በአሮጌው ፍጥነት ነው። የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ በመሆኑ በዓይን ሊለይ ይችላል።

ሁሉም ክፍሎች ሥራ ሳይበዛባቸው ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ የሚከተሉት ይመረመራሉ። አንደኛው የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ማርጀት ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ የግራፊክስ ካርዱ አገልግሎት መዘጋት ነው። በፕሪሚየር ፕሮ የፕሮጀክቱ መርኩሪ ፕሌይባክ ኤንጂን ሶፍትዌር ኦንሊ በሚለው ላይ ከሆነ ካርዱ ማስተካከያዎቹን በማስላት ሥራ አይሳተፍም። ሁለተኛው ላፕቶፑ በባትሪ ወይም በኃይል ቆጣቢ ሥርዓት ላይ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ሥራው በመልካም ሁኔታ ተጀምሮ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሚጓተት ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለመጠበቅ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። በማቀዝቀዣው ላይ የተከማቸውን አቧራ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይህን ያስወግዳል።

አራተኛው ከስልክ ቀረጻዎች ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹትን የፍሬም ብዛት እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ይለዋውጣሉ። በዚህ ምክንያት ቀረጻው ሲቀናበር ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር አልገጥም ይላል፣ ምስሉም ይዘላል። እንዲህ ያለውን ፋይል ሀንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ኮንስታንት ፍሬምሬት የሚለውን ምርጫ በመውሰድ ቋሚ ወደሆነ የፍሬም ብዛት መቀየር ይቻላል።

ወኪል ፋይል፦ ያለ ወጪ የሚገኝ ዋና መፍትሔ

በፕሮሰሰሩ ላይ ለሚያርፈው ሸክም ፍቱን ሆኖ የተገኘው አሠራር ፕሮክሲ ወይም ወኪል ፋይል መጠቀም ነው። በዚህ አሠራር ከእያንዳንዱ ዋና ቀረጻ አንድ ቀለል ያለ ቅጂ ይዘጋጃል። ተጠቃሚው የሚቆርጠው፣ የሚቀጥለውና የሚያስተካክለው በወኪሉ ላይ ነው። የመጨረሻው ፋይል ሲወጣ ግን ፕሮግራሙ ወኪሉን ትቶ ዋናውን ቀረጻ ስለሚጠቀም የምስሉ ጥራት አይቀነስም።

ወኪሉ ቀላል የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ መጠኑን መቀነስ ሲሆን፣ 960 በ540 የሆነ ወኪል ከፉል ኤችዲው አንድ አራተኛውን ፒክስል ብቻ ይይዛል። ሁለተኛውና ይበልጥ ጠቃሚው እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን ችሎ የሚቀመጥበትን ቅርጸት መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአፕል የቀረበው ፕሮሬስ እና የአቪድ ኩባንያ ዲኤንኤክስኤችዲ የዚህ ዓይነት ናቸው።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው እንግዳ የሚመስል ነገር አለ። ዲኤንኤክስኤችዲ 36 በተባለው ደረጃ በሰከንድ በ25 ፍሬም የተዘጋጀ የአንድ ሰዓት ወኪል 16 ጊጋ ባይት ያህል ይሆናል። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው ዋናው ቀረጻ 7.2 ጊጋ ባይት ብቻ ነበር። ወኪሉ ከዋናው ከሁለት እጥፍ በላይ ቢገዝፍም ለፕሮሰሰሩ እጅግ የቀለለ ነው። ለመፈታት የሌላውን ፍሬም እርዳታ አይጠብቅምና።

የሥራው ቅደም ተከተል አስቸጋሪ አይደለም። በፕሪሚየር ፕሮ ቀረጻዎቹ ተመርጠው በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ፕሮክሲ፣ ቀጥሎም ክሪኤት ፕሮክሲስ የሚለው ይጫናል። በነጻ የሚገኘው ኬደንላይቭ በፕሮጀክቱ ማስተካከያ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ምርጫ አለው። ወኪሎቹን ማዘጋጀት ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ በምሳ ሰዓት ወይም ሌሊት እንዲከናወን ማድረግ ይመረጣል።

የወኪል አሠራር ሸክሙን መልሶ ወደ ዲስኩ እንደሚያሸጋግር ግን መዘንጋት የለበትም። ሙሉ ጥራት ባለው ዲኤንኤክስኤችዲ 120 የተዘጋጀ ፋይል በሰከንድ 15 ሜጋ ባይት፣ በሰዓት 54 ጊጋ ባይት ይፈልጋል። ሦስቱ በአንድነት ሲታዩ በሰከንድ 45 ሜጋ ባይት ስለሚሆን በዩኤስቢ 2.0 የተገናኘ ዲስክ አይችለውም። ስለዚህ ወኪሎቹ መቀመጥ ያለባቸው በውስጥ ዲስክ ላይ ወይም በዩኤስቢ 3.0 በተገናኘ ማስቀመጫ ላይ ነው።

ሌሎች ወጪ የማይጠይቁ ማስተካከያዎች

የፕሮጀክቱ የምስል መጠንና የፍሬም ብዛት ከአብዛኛው ቀረጻ ጋር አንድ እንዲሆን ማድረግ ኮምፒዩተሩን ከማያስፈልግ ስሌት ያድነዋል። በ4ኬ የተቀረጸው ቪዲዮ በመጨረሻ በፉል ኤችዲ የሚወጣ ከሆነ ፕሮጀክቱም በፉል ኤችዲ ሊዘጋጅ ይገባል። የቀለም ማስተካከያና የድምፅ ማጽጃ የመሳሰሉትን ከባድ ሥራዎች ቆርጦ ማቀጠሉ ከተጠናቀቀ በኋላ መጨመርም ሥራውን ያፋጥናል።

ፕሮግራሙ ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ የሚያከማቸው መረጃ በጊዜ ሂደት ዲስኩን ሊሞላ ስለሚችል፣ የተጠናቀቁ ፕሮጀክቶች ካሽ በየጊዜው መጽዳት አለበት። ጸረ ቫይረሱ የቀረጻውን ፎልደር በሥራ ሰዓት እየደጋገመ እንዳይፈትሽ፣ ፋይሎችን ወደ ኢንተርኔት የሚያስተላልፉ ፕሮግራሞችም ወኪሎቹን ለመላክ እንዳይሞክሩ መቆጣጠር ይጠቅማል። ጸረ ቫይረሱን ጨርሶ መዝጋት ግን፣ በተለይ ፍላሽ ዲስክ ከቢሮ ወደ ቤት በሚመላለስበት ሁኔታ፣ አይመከርም።

ግዢ ሲያስፈልግ

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ችግሩ ካልተቃለለ የሚገዛው ዕቃ በፈተናው ውጤት ሊወሰን ይገባል። ዲስኩ የተጨናነቀ ከሆነ ኤስኤስዲ የተባለው ተሽከርካሪ ክፍል የሌለው ማስቀመጫ ቀዳሚው ምርጫ ነው። ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ገደማ ሲያነብ፣ በሳታ መስመር የሚገናኘው ኤስኤስዲ 500 ሜጋ ባይት ያህል ያነብባል። ሜሞሪው የሚሞላ ከሆነ ሜሞሪ ይጨመራል፤ ይሁንና የኮምፒዩተሩ ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዓይነትና መጠን አስቀድሞ ሊረጋገጥ ይገባል። የዊንዶውስ 32 ቢት እትም ለቤት ተጠቃሚ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ሜሞሪ መጠቀም ስለማይችል፣ በእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ላይ የሚጨመረው ሜሞሪ ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

ግራፊክስ ካርድ በዋናነት የሚያግዘው ማስተካከያዎችን በማስላት ሲሆን፣ የታመቀ ምስል የሚፈታ ክፍልም በብዙዎቹ ላይ አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በበርካታ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ኩዊክ ሲንክ የተባለ ይህንኑ ሥራ የሚያከናውን ክፍል አካትቷል። ሆኖም የቅንብር ፕሮግራሙም ሆነ የካሜራው ቅርጸት በዚህ ክፍል መጠቀም የሚችል መሆኑ ሳይጣራ መግዛት አይገባም። የተገዛው ካርድ የኮምፒዩተሩ ኃይል ሰጪ ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ እንዳይሆንም ማየት ያስፈልጋል።

የቀረጻው ደኅንነት

በመጓተት ምክንያት የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት የጊዜ ወይም የገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ወኪል ፋይሎች ከተዘጋጁ በኋላ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ዋናዎቹን ቀረጻዎች መሰረዝ መመለሻ የሌለው ስህተት ነው። ወኪሉ በማሳያው ላይ ሲታይ ዋናውን ስለሚመስል ልዩነቱ የሚታወቀው የመጨረሻው ፋይል ሲወጣ ነው። የአንድ ጉባኤ ንግግር ወይም የአንድ አዛውንት ምስክርነት ደግሞ እንደገና አይቀረጽም። በመሆኑም የዋና ቀረጻዎች ቢያንስ ሁለት ቅጂዎች በተለያዩ ዲስኮች ላይ ሳይቀመጡ የካሜራው ካርድ መጽዳት የለበትም። ፋይሎቹ ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወሩ ወይም ስማቸው ከተቀየረም ፕሮግራሙ ሊያገኛቸው ስለማይችል ቦታቸው ከሥራው መጀመሪያ በፊት ሊወሰን ይገባል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚያጋጥምበት አካባቢ ፕሮግራሙ በየ5 ደቂቃው ሥራውን በራሱ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ጠቃሚ ነው። ዩፒኤስ ቢኖርም አነስተኛው ዓይነት የሚያቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች በመሆኑ፣ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት እንጂ ለሰዓታት የሚቆይ ኤክስፖርት ለማስፈጸም አይበቃም። ረጅም ሥራን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ማውጣት፣ መብራት ሲቋረጥ የሚባክነው ጥቂቱ ክፍል ብቻ እንዲሆን ያደርጋል።

በአጠቃላይ ምልክቱን መለየት፣ የተጨናነቀውን ክፍል በታስክ ማናጀር ማረጋገጥ፣ የማሳያውን ጥራት ዝቅ ማድረግ፣ ወኪል ፋይል ማዘጋጀት፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለተረጋገጠው ጉድለት ብቻ ወጪ ማውጣት ሊከተሉት የሚገባ ቅደም ተከተል ነው። አርጅቷል ተብሎ ሊጣል የታሰበ የቤት ኮምፒዩተር በዚህ አሠራር ለተጨማሪ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ይኸው ሥርዓት ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችም የሚያገለግል በመሆኑ፣ የግዢ ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት የፈተናው ውጤት ተመዝግቦ አብሮ ቢቀርብ የሚመለከተው ኃላፊ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ እንዲወስን ያስችለዋል።